የቆላ ጨው፣ የደጋ እንቅርት

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከአንኮበር ሆነው ሸዋን በሚገዙበት ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847) ደገኛው የሚበላው ጨው ከቆላ የሚመጣ ነበር። ከፊሉ ከአሳል ሐይቅ ተዝቆ በአፋር ግመል ይጫንና ከአንኮበር ግርጌ፣ ከአልዩ አምባ ገበያ ይራገፋል። ከፊሉ ደግሞ ከዳናኪል የጨው ሜዳ ተጠርቦ በትግራይና በወሎ አድርጎ የሚመጣው አሞሌ ነው። አሞሌ ገንዘብም ምግብም ነበር፤ በግ ይገዛበታል፣ የቸገረው ቤት ደግሞ ከጠርዙ ፈርፈር አድርጎ ወጡን ያጣፍጥበታል። ከገበያ ወደ ገበያ፣ ከእጅ ወደ እጅ ባለፈ ቁጥር ዋጋው ስለሚንር ደጋው ጫፍ ላይ ሲደርስ ተቆጥቦ የሚያዝ ሀብት ነበር።

መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ የዚህ የጨው መንገድ ዳርቻ ነበሩ። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል፤ የጓሳ ሣር ምድር ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። መርሐቤቴ በጀማና በወንጪት ሸለቆዎች መካከል ተቆርጣ የቆመች አገር ናት። የክረምቱ ዝናብ ብርቱ፣ ተዳፋቱም ቀጥ ያለ ስለሆነ አፈሩ በየዓመቱ ይታጠባል። አዮዲን የሚባለው ንጥረ ነገር ዋና ማደሪያው ባሕር ነው፤ በደጋ አፈር ላይ ያለችውን ጥቂቷንም ጎርፍ ጠርጎ ወደ ወንዝ ያወርዳታል። አፈሩ ያጣውን ገብሱም ባቄላውም ሊሰጡ አይችሉም። ከቆላ ተጠርቦ የሚመጣው ጨው ደግሞ በተፈጥሮው ለሰውነት የሚበቃ አዮዲን የለውም። ስለዚህ የደጋው ሰው ውድ ዋጋ ከፍሎ በገዛው ጨው ጣዕሙን እንጂ አዮዲኑን አላገኘም።

የዚህ ጉድለት ምልክት አንገት ላይ ይታያል። ከማንቁርት ዝቅ ብሎ፣ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተዘርግቶ የሚገኘው ታይሮይድ ዕጢ በጤነኛ አዋቂ ላይ ከ25 ግራም ብዙም አይበልጥም። አዮዲን ሲያጣ ግን ያብጣል፤ እንቅርት ይሆናል። በመጀመሪያ ማተቡ ይጠባል፣ ቀጥሎ አንገቱ ይሞላል፣ ከዓመታት በኋላም ጉብታው ከሩቅ ይታያል። በሴቶች ላይ ይበረታል። ደገኛው ለዚህ የራሱ መላ ነበረው፦ ጠበል ይጠመቃል፣ የእጽ ቅጠል ይለጥፋል፣ ሴቶቹም አንገታቸውን ይነቀሱ ነበር። በአንገት ዙሪያ የሚደረደረው ንቅሳት ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ እንቅርትን ይከላከላል ወይም ይመልሳል ተብሎ የታመነ መድኃኒትም ነበር።

በ1834 ዓ.ም. መጋቢት (እ.ኤ.አ. 1842) ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ አንኮበርን ለቆ በመንዝና በግሼ በኩል ወደ ጎንደር አቅጣጫ ተጓዘ። እሱ የመንዝን ዳገት በሚወጣበት ዘመን አውሮፓ ውስጥ የእንቅርት መድኃኒት ተገኝቶ ነበር፤ መድኃኒቱ የሚያመጣው ጣጣም አብሮ ታይቶ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከባሩድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1811 ፈረንሳዊው በርናር ኩርቷ ለናፖሊዮን ጦር ባሩድ የሚሆን ጨው ለመሥራት የባሕር አረም አመድ ሲያበስል ሐምራዊ እንፋሎት ወጣ። ያ እንፋሎት አዮዲን ነበር። የጄኔቫው ሐኪም ዣን ፍራንሷ ኩዋንዴ በባሕር አረም አመድ እንቅርት የሚታከም መሆኑን ያውቅ ስለነበር ፈዋሹ ይኸው አዲሱ ንጥረ ነገር መሆን አለበት ብሎ አሰበ። በ1820 የአዮዲን ጠብታ ለሕመምተኞቹ ሰጠ። የብዙዎቹ እንቅርት ሟሸሸ። ጥቂቶቹ ግን ከሱ፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ልባቸው ይደልቅ ጀመር። የከተማው ሰው ተነሣበት። ኩዋንዴ ያየው ለብዙ ዘመን በቅጡ አልተገለጠም፤ በኋላ ግን የዚህ ታሪክ ዋና ቋጠሮ እሱ ሆኖ ተገኘ።

የሚንቀጠቀጠውና የሚከሳው ሕመም በራሱ ስም የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1835 ሮበርት ግሬቭስ በደብሊን፣ በ1840 ካርል ፎን ባሴዶ በጀርመን አንገታቸው ያበጠ፣ ዐይናቸው ወደ ውጭ የፈጠጠ፣ ልባቸው ያለ ሩጫ የሚሮጥ ሕመምተኞችን ገለጹ። በሽታው እስከ ዛሬ በሁለቱ ስም ይጠራል። ሁለቱም ግን መንሥኤውን አላወቁትም፤ ዕጢው ለምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሐኪም በዚያን ጊዜ አልነበረምና።

የዕጢውን ሥራ ያስተማረው መቆረጡ ነው። የስዊዘርላንዱ ቀዶ ሐኪም ቴዎዶር ኮከር በተራራማ አገሩ የበዛውን እንቅርት በጥንቃቄ እያወጣ ስመ ጥር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1883 የቀድሞ ሕመምተኞቹን መልሶ ሲመረምር ግን ዕጢያቸው ሙሉ በሙሉ የወጣላቸው ሰዎች አብጠው፣ ፈዝዘው፣ ብርድ የማይችሉ ሆነው አገኛቸው። ዕጢው ከሌለ ሰውነት ይቀዘቅዛል ማለት ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ እንግሊዛዊው ጆርጅ መሬይ ከበግ ታይሮይድ የጨመቀውን ፈሳሽ ዕጢዋ መሥራት ላቆመ የ46 ዓመት ሴት በመርፌ ሰጠ። ሴትዮዋ ዳነች፤ ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ኖረች። በግ አርቢው መንዜ በየበዓሉ ሲያርድ የሚጥላት የአንገት ሥጋ ለካ ሌላ አገር ነፍስ ታድን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1895 ኦይገን ባውማን በታይሮይድ ውስጥ አዮዲን አገኘ። ኮከር በ1909 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በ1914 በገና ዕለት አሜሪካዊው ኤድዋርድ ኬንዳል የዕጢውን ሆርሞን ለየ፤ ታይሮክሲን ተባለ። በ1952 ደግሞ ጃክ ግሮስና ሮዛሊንድ ፒት ሪቨርስ ይበልጥ ኃይለኛ የሆነውን ሁለተኛውን ሆርሞን አገኙ። አንደኛው አራት፣ ሁለተኛው ሦስት የአዮዲን አቶሞች ስላሏቸው ቲ4 እና ቲ3 ይባላሉ። ዕጢው በብዛት የሚያመነጨው ቲ4ን ነው፤ ጉበትና ሌሎች የሰውነት ክፍሎች አንዷን አዮዲን ነቅለው ወደ ቲ3 ይለውጡታል። የልብ ምት፣ የሰውነት ሙቀት፣ የምግብ መቃጠል፣ የሕፃን አእምሮ ዕድገት፣ ሁሉም በዚህ ሆርሞን ልክ ይመራሉ። ለዚህ ሁሉ ሥራ አንድ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮግራም ያህል ነው፤ የዕድሜ ልኩ ቢደመር ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም።

ዕጢውን የሚያዘው ደግሞ ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ ነው። በደም ውስጥ ያለው ሆርሞን ሲያንስ ፒቱታሪ ቲ.ኤስ.ኤች. የሚባለውን ትእዛዝ ያበዛል፤ ሲበዛ ይቀንሳል። አዮዲን በሌለበት አገር ትእዛዙ ይበረታል እንጂ ጥሬ ዕቃው የለም። ዕጢው ትእዛዙን ለመፈጸም ሲል ራሱን ያሳድጋል፤ እንቅርት ይህ ነው። በመንዝ አንገት ላይ ለዘመናት የታየው ጉብታ የዕጢው ስንፍና አልነበረም፤ በባዶ እጁ ሲደክም የኖረ ዕጢ ነበር።

መፍትሔው ቀላል መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። ፈረንሳዊው ቡሳንጎ ገና እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ በደቡብ አሜሪካ በተፈጥሮው አዮዲን ያለበት ጨው የሚበሉ መንደሮች እንቅርት እንደሌላቸው አይቶ ነበር። ስዊዘርላንድ በ1922፣ የአሜሪካው ሚሺገን ግዛት በ1924 ጨው ላይ አዮዲን መጨመር ጀመሩ፤ በአንድ ትውልድ እንቅርት ከሕፃናቱ አንገት ጠፋ።

ግሬቭስና ባሴዶ ያዩትን ሕመም ለሚያመጣው፣ ከልክ በላይ ለሚሠራው ዕጢም ሕክምናው ተራ በተራ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1923 ሄንሪ ፕለመር ከቀዶ ሕክምና በፊት ለጥቂት ቀናት አዮዲን መስጠት ሕመምተኛውን እንደሚያረጋጋ አሳየ። በ1941 ሶል ኸርትዝ በቦስተን ለመጀመሪያ ጊዜ ጨረር አመንጪ አዮዲን አጠጣ፤ ዕጢው አዮዲን መስሎት ይውጠዋል፣ ጨረሩም ከውስጥ ያቃጥለዋል። በ1943 ኤድዊን አስትዉድ እዚያው ቦስተን ዕጢው ሆርሞን እንዳይሠራ የሚያግድ ኪኒን አስተዋወቀ። ከዚህ ዘር የተገኘው ፕሮፒልታዮዩራሲል፣ በሐኪሞች አነጋገር ፒ.ቲ.ዩ.፣ እስከ ዛሬ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በብዛት የሚታዘዘው ነው። ኪኒን፣ ቢላና ጨረር፤ ከዚያ ወዲህ የተጨመረ አራተኛ ትልቅ መንገድ የለም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ዘመናዊ ሕክምና ሥር የያዘው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በ1902 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ነው። የሕክምና ፋኩልቲ የተቋቋመው ግን በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው፤ ከመሥራቾቹ አንዱ በኤድንብራ የተማሩት ቀዶ ሐኪም ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ነበሩ። ዛሬ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓስ በስማቸው ይጠራል። በስዊድን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1962 የተጀመረው የሕፃናት ምግብ ክፍል በኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ፤ የአገሪቱን እንቅርት በቁጥር ለማወቅ የተነሣውም ይኸው ተቋም ነው።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የኢንስቲትዩቱ ባለሙያዎች በአገሪቱ ክፍላተ ሀገር ተሰማርተው ከ35,000 የሚበልጡ ተማሪዎችን አንገት ዳሰሱ። ዘዴው መሣሪያ አይፈልግም፦ መርማሪው ከልጁ ፊት ይቆማል፣ ሁለቱን አውራ ጣቶቹን ከማንቁርቱ በታች ያሳርፋል፣ ልጁ ምራቁን ሲውጥ ዕጢው ከጣቶቹ ሥር ይንሸራተታል። ክንፉ ከልጁ አውራ ጣት ጫፍ ከበለጠ እንቅርት ነው። ከተማሪዎቹ 30.6 በመቶው እንቅርት ነበረባቸው። በ1997 ዓ.ም. በተደረገ ሌላ አገር አቀፍ ጥናት ደግሞ ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸው ልጆች 39.9 በመቶው፣ በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች 35.8 በመቶው ላይ ተገኘ። በሃያ አራት ዓመት ውስጥ ነገሩ ከመሻል ይልቅ ብሷል።

ለምን ባሰ ቢባል መልሱ እንደገና ጨው ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የአገሪቱ ጨው በአብዛኛው ከአሰብና ከምጽዋ ይመጣ ነበር፤ እዚያም አዮዲን መጨመር ተጀምሮ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ ወደቦቹ ተዘጉ፣ ጨዉም አብሮ ተቋረጠ። አገሪቱ ፊቷን ወደ አፋሩ አፍዴራ ሐይቅ መለሰች። የአፍዴራ ጨው ንጹሕና ርካሽ ሆኖ ከገበያ ገበያ ደረሰ፣ አዮዲን ግን አልነበረውም። በ1997 ዓ.ም. የሕዝብና ጤና ጥናት በቂ አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከአምስት ቤት በአንዱ ነው፤ በ2003 ዓ.ም. ጭራሽ ወደ 15 በመቶ ወረደ። ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከአንድ መቶ ስድሳ ዓመት በላይ ርቆም የደጋው ሰው ተመልሶ አዮዲን የሌለው የቆላ ጨው ይበላ ነበር።

በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሰው ምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ ቁጥር 204ን አወጣ። ፖታሲየም አዮዴት የሚባለው ውሑድ በጨው ክምር ላይ ይረጭ ጀመር። ለውጡ ፈጣን ነበር፦ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት 89 በመቶ በሚሆነው ቤተሰብ ጨው ላይ አዮዲን ተገኘ። መጠኑ ግን ከከረጢት ከረጢት ይለያያል፤ አንዱ ሲያንሰው ሌላው ይበዛበታል።

እዚህ ላይ ኩዋንዴ በጄኔቫ ያየው ነገር ተመልሶ ይመጣል። ለሰላሳና ለአርባ ዓመት ሳያቋርጥ ትእዛዝ ሲቀበል የኖረ እንቅርት አንድ ወጥ ሆኖ አይቀርም፤ በውስጡ ጉብታዎች ይበቅላሉ። ከጉብታዎቹ አንዳንዶቹ በጊዜ ብዛት የፒቱታሪን ትእዛዝ መስማት ይተዋሉ፣ ለራሳቸው ያድራሉ። አዮዲን እስካላገኙ ድረስ ብዙም ጉዳት አያደርሱም። ጨዉ አዮዲን ይዞ ሲመጣ ግን ያገኙትን ሁሉ ወደ ሆርሞን ይለውጣሉ፣ የሚያቆማቸውም የለም። በአውስትራሊያዊቷ የታስማኒያ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1966 ዳቦ ላይ አዮዲን በተጨመረ ጊዜ፣ ዚምባብዌም በ1990ዎቹ ጨው ላይ አዮዲን በጨመረች ጊዜ ከልክ በላይ የሚሠራ ታይሮይድ ሕመም ለጥቂት ዓመታት ጨምሮ ታይቷል። በዋናነት የተጠቁት አሮጌ እንቅርት የነበረባቸው ትላልቅ ሴቶች ናቸው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው። ማዕበሉ ግን ያልፋል፤ አዮዲን እያገኙ ያደጉ ልጆች ጉብታ አያበቅሉምና በሽታው ከትውልድ ጋር እየቀነሰ ይሄዳል።

በኢትዮጵያ ደጋ ከልክ በላይ ከሚሠራ ታይሮይድ ጋር ወደ ሐኪም የሚመጡ ብዙዎቹ እንዲህ ያለ አሮጌ፣ ጉብታ የበዛበት እንቅርት ያላቸው ናቸው። ወጣት ከሆኑና ዐይናቸው ከፈጠጠ ግሬቭስ የገለጸው በሽታ ይጠረጠራል፤ በዚህኛው የራስ ሰውነት የመከላከያ ኃይል ነው ዕጢውን የሚቀሰቅሰው።

መንዝ ውስጥ ሕመሙን ለማወቅ ብርዱ ራሱ ይረዳል። ቤተሰቡ ሁሉ ባና ተከናንቦ እሳት ዳር ሲኮለኮል አንዲት እናት ጋቢዋን ጥላ፣ በር ከፍታ ትቀመጣለች፤ ላብ ላብ ይላታል። ትበላለች፣ ግን ትከሳለች። ቡና ስትቀዳ እጇ ይንቀጠቀጥና ሲኒው ይንኳኳል። ሌሊት ልቧ እየደለቀ እንቅልፍ ይነሣታል። ቤተሰቡ መንፈስ ነው፣ ምች ነው፣ ጭንቀት ነው እያለ ወራት ያልፋሉ። ብዙ ጊዜ ወደ ሐኪም የሚያመጣት ከዚያ የባሰው ነው፦ የልብ ምቷ ሥርዓቱን ያጣል፣ እግሯ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። በልብ ድካም ታክማ ካልተሻላት የታይሮይድ ምርመራ የሚያሻት ለዚህ ነው።

ምርመራው ከክንድ በሚቀዳ ደም ነው። ዕጢው ከልክ በላይ ሲሠራ ፒቱታሪ ትእዛዙን ስለሚያቆም ቲ.ኤስ.ኤች. ወደ ዜሮ ይጠጋል፣ ቲ4 ወይም ቲ3 ደግሞ ከፍ ይላል። ከግሼና ከመንዝ ቀበሌዎች የምትነሣ ሕመምተኛ መጀመሪያ የምትደርሰው በአካባቢዋ ጤና ጣቢያ ነው፤ ከዚያ መሐል ሜዳ ሆስፒታል፣ ከመርሐቤቴ ከሆነች ደግሞ የዓለም ከተማው እናት ሆስፒታል አለ። ነገሩ የከበደ እንደሆነ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል።

ሐኪሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በሁለት ኪኒን ነው። ፕሮፕራኖሎል የልቡን ድልቂያና የእጁን መንቀጥቀጥ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ያበርዳል፤ አስም ያለበት ግን አይወስደውም። ፒ.ቲ.ዩ. ዕጢው አዲስ ሆርሞን እንዳይሠራ ያግዳል። ዕጢው ቀድሞ ያከማቸው ሆርሞን ለሳምንታት ስለሚበቃ ሕመምተኛዋ ወዲያው ለውጥ ባታይ አይገርምም፤ ብዙዎች መድኃኒቱን «አልሠራልኝም» ብለው የሚተዉት በዚህ ጊዜ ነው። መድኃኒቱ የሚፈራ ጠባይ አለው። ጥቂት ሰዎች ላይ የነጭ ደም ሴሎችን ይጨርሳል፣ ጉበትንም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ፒ.ቲ.ዩ. የሚወስድ ሰው ድንገት ትኩሳትና የጉሮሮ ቁስል ከያዘው፣ ወይም ዐይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ኪኒኑን አቁሞ በዚያኑ ዕለት ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። የፀነሰች ሴትም ለሐኪሟ ወዲያው መንገር ይገባታል፤ የመድኃኒቱ ምርጫና መጠን ይለወጣልና።

በግሬቭስ በሽታ ኪኒኑ ከአንድ ዓመት ወይም ከዓመት ተኩል በኋላ ሲቆም የሚድን አለ። ጉብታ የበዛበት አሮጌ እንቅርት ግን በኪኒን ይገራል እንጂ አይድንም፤ መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ ይመለሳል። ለእሱ ዘላቂው መፍትሔ ቀዶ ሕክምና ወይም ጨረር አመንጪ አዮዲን ነው። አየር ቧንቧን የሚጫን ትልቅ እንቅርት ሲሆን ቀዶ ሕክምና ይመረጣል። ቀዶ ሐኪሙ ግን ሆርሞኑ በኪኒን ሳይረጋጋ ቢላ አያነሣም፤ ያልተረጋጋች ሕመምተኛ ከተቆረጠች በኋላ ሆርሞኑ እንደ ማዕበል ሊነሣባትና ሕይወቷን ሊያሳጣት ይችላል። በቀዶው ወቅት የድምፅ ነርቭ እና ካልሲየም የሚቆጣጠሩት ትንንሽ ዕጢዎች እንዳይነኩ ይጠነቀቃል። ዕጢው ከወጣ ወይም በጨረር ከተቃጠለ በኋላ ብዙዎች ታይሮክሲን በኪኒን መልክ ዕድሜ ልካቸውን ይወስዳሉ፤ መሬይ ከበግ የጨመቀው ነገር ዛሬ በቀን አንዲት ትንሽ ነጭ ኪኒን ሆኗል።

አንዳንድ ሰው አዮዲን ያለው ጨው ሕመም አምጥቷል ብሎ ወደ ድሮው ጨው ልመለስ ይላል። ይህ ስሕተት ነው። አዮዲን ያጣች እርጉዝ ልታስወርድ፣ የምትወልደውም ልጅ አእምሮው ሊደክም ይችላል፤ ይህ ጉዳት ከተከሠተ በኋላ በምንም መድኃኒት አይመለስም። የአሮጌ እንቅርት ሕመም ግን ይታከማል። ስለዚህ ሥራው በሁለት በኩል ነው። አዮዲን ያለበት ጨው በከረጢቱ ወይም በክዳን ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእሳት ዳር ርቆ ይቀመጥ፤ አይታጠብ፣ ወጡም ሊወርድ ሲል ይጨመር፤ ሙቀትና ውኃ አዮዲኑን ይወስዱታልና። አንገቷ ላይ የቆየ ጉብታ ያለባት ሴት ደግሞ ያለ ምክንያት ከከሳች፣ ልቧ ከደለቀ ወይም እጇ ከተንቀጠቀጠ፣ ልማድ ነው ተብሎ አይታለፍ፤ ቲ.ኤስ.ኤች. ትመርመር። ለልጅ ልጆቿ ጨዉ፣ ለእሷ ሐኪሙ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።